መሪው ይስተካከል፣ ዘንጉ ግን አይቆረጥ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ ከቃሊቲም ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ትንንሽ ጋራዦች አንድ ሥራ እየተለመደ መጥቷል። አሽከርካሪው «መሪው ይርቀኛል» ወይም «ከፍ ይልብኛል» ብሎ መኪናውን ያስገባል። የመሪው ዘንግ በሰጌቶ ይቆረጣል፣ ቁራጭ ብረት ይጨመርበታል፣ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል። ብየዳው ዳሽቦርድ ሥር ስለሚደበቅ ባለቤቱም፣ መኪናውን ነገ የሚገዛውም፣ ለቦሎ የሚመረምረውም አያየውም። እኛ በዚሁ አካባቢ በመሪና በፍሬን ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ሥራው ጨርሶ ይቅር ለማለት አይደለም። ጀርባውን ከመደገፊያው አላቅቆ፣ አንገቱን አስግጎ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው መፍትሔ ያስፈልገዋል። መፍትሔው ግን ያለ ብየዳ፣ በቡሎን ብቻ ሊገኝ እንደሚችል በዝርዝር መነገር አለበት ብለን ነው።

ቁልፍ ከማንሳት በፊት መለካት ይቀድማል። አሽከርካሪው ወገቡን እስከ መቀመጫው ጥግ አስገብቶ ይቀመጥ። ፍሪሲዮኑን፣ መኪናው ኦቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን፣ እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጉልበቱ ጥቂት እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ከዚያ ትከሻውን ከመደገፊያው ሳያነሳ ክንዱን ሲዘረጋ የእጁ አንጓ መሪው አናት ላይ ይረፍ። ጣቱ ብቻ ከደረሰ መሪው ሩቅ ነው። ክንዱ ከአንጓው በጣም አልፎ ከወጣ ቅርብ ነው። ከደረት አጥንቱ እስከ መሪው መሐል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚያስፈልገው ቦታ ይህ ነው። የመሪው አናት ከትከሻ መስመር በታች ሆኖ የፍጥነት መለኪያው በመሪው ክብ ውስጥ ሳይሸፈን መታየት አለበት።

እንዲህ ሲለካ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መቀመጫው ላይ ይገኛል። እንደ መጀመሪያዎቹ ቪትዞች ባሉ አነስተኛ መኪኖች መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል እንጂ ወደ አሽከርካሪው አይሳብም። ረጅም ሰው ለእግሩ ሲል መቀመጫውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መደገፊያውንም ያጋድላል፣ መሪው ይርቀዋል። ከመደገፊያው ማጠፊያ እስከ ትከሻ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ መደገፊያውን በ5 ዲግሪ ብቻ ቀና ማድረግ ትከሻን 5 ሴንቲ ሜትር ወደ መሪው ያቀርባል። ዘንግ ቆርጠው ከሚጨምሩት ርዝመት አብዛኛው ያለ ምንም ወጪ በዚህ ይገኛል። አጭር ሰው ደግሞ ፔዳል ለመድረስ ወደ ፊት ስለሚጠጋ ደረቱ ከመሪው ጋር ሊነካካ ይደርሳል፣ መሪውም ዓይኑን ይጋርደዋል። እሱን የሚረዳው መቀመጫውን ከሥሩ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። የሚገባው ብረት ድፍን ይሁን፣ ቡሎኑም በዚያው ልክ ይርዘም። የመቀመጫው ቡሎን በግጭት ጊዜ የሰውየውን ክብደት ከመቀመጫው ጋር የሚይዝ ስለሆነ እንደ ዋዛ መታየት የለበትም።

መቀመጫው ተስተካክሎም መሪው ከፍ ያለበት ሰው አለ። ለእሱ ትክክለኛው ሥራ ዘንጉን ከነሽፋን ቱቦው ዝቅ ማድረግ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ቱቦው በሁለት ቦታ ይታሰራል። አንደኛው ከታች፣ እግር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ከላይ፣ ዳሽቦርዱን አቋርጦ በሚያልፈው ብረት ላይ በሁለት ቡሎን የሚንጠለጠለው ማቀፊያ ነው። በላይኛው ማቀፊያና በብረቱ መካከል ውፍረቱ እኩል የሆነ ጥንድ ድጋፍ ሲገባ ቱቦው በታችኛው ማሰሪያ ላይ ዞሮ ይወርዳል። ከታችኛው ማሰሪያ እስከ ላይኛው 300፣ እስከ መሪው ደግሞ 450 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የ10 ሚሊ ድጋፍ መሪውን በ15 ሚሊ ያወርዳል። ከ15 ሚሊ በላይ ድጋፍ አናስገባም፤ ጉልበት ከቁልፍ ማስገቢያው ጋር መጋጨት ይጀምራል፣ የክሮቼራውም፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ ወደ ታች ከሚወርደው አገናኝ ዘንግ ጋር እየታጠፈ የሚያገናኘው መገጣጠሚያ፣ ማዕዘን ይበዛል።

ድጋፉ ቶርኖ ቤት ከአንድ ወጥ ብረት ይውጣ፤ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ፣ ሁለቱ ፊቶቹ ትይዩ፣ ቀዳዳው ለቡሎኑ ልክ የሆነ። ሮንዴላ ደራርቦ መተካት ለጊዜው ይይዛል፣ ነገር ግን በየመንደሩ ባለው ኮብልስቶንና ኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ ሮንዴላዎቹ እርስ በርስ ይላላጣሉ፣ ቡሎኑ ይለቃል። ጎማና ጣውላማ ሲጨመቁ ስለሚሳሱ ጨርሶ አይታሰቡም። አዲሱ ቡሎን የድሮው ርዝመትና የድጋፉ ውፍረት ድምር ይሁን፤ ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት፣ ጥርሱም እንደ ድሮው። ካጠረ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛል። የ8 ሚሊ ቡሎን ቢያንስ 8 ሚሊ፣ ቢቻል 10፣ ወደ ዳዶው መግባት አለበት። ከረዘመ ደግሞ ከኋላው ያለውን ሽቦ ይበሳል።

ሥራው ሲጀመር ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታና ኤርባጉ ያጠራቀመው ኃይል እስኪጠፋ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ። መሪው እንዳይዞር በቀበቶ ይታሰር። ከኤርባጉ ጋር የሚገናኘው ጥቅል ሽቦ የሚችለው የተወሰነ ዙር ነው፤ ዘንጉ ተፈትቶ መሪው እንደልቡ ከዞረ በኋላ ሲገጠም በአንዱ ወገን ይበጠሳል፣ የኤርባጉ መብራት ይበራል፣ ክላክሱም ይጠፋል። ዘንጉና ክሮቼራው የሚገናኙበት ጥርስ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ። የታችኛው ማሰሪያ ቡሎኖች ይላሉ እንጂ አይውጡ። የላይኞቹ ሲወጡ ቱቦው በሰው እጅ ወይም በጣውላ ይደገፍ፤ በሽቦውና በክሮቼራው ላይ እንዲንጠለጠል የሚለቅ ሠራተኛ ብዙ ነው። አዲሶቹ ቡሎኖች መጀመሪያ በጣት ይግቡ፣ ከዚያ የላይኛው፣ በመጨረሻም የታችኛው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ይጥበቅ። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች የማቀፊያው ቡሎን 25፣ የክሮቼራው ማጣበቂያ ቡሎን 35፣ የመሪው ዳዶ 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የዚያ መኪና መመሪያ ካለ ግን እሱ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። የላይኛው ማቀፊያ ቡሎኑን የሚይዘው በቀጥታ አይደለም። በማቀፊያው ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ትንንሽ ቁራጮች ተሰክተዋል፣ በቀጫጭን የፕላስቲክ ካስማዎችም ተይዘዋል። ቡሎኑ የሚያልፈው በእነዚህ ቁራጮች ነው። አሽከርካሪው በግጭት ጊዜ በደረቱ መሪውን ሲገፋ ካስማዎቹ ይሰበራሉ፣ ማቀፊያው ከቁራጮቹ ሾልኮ ይወጣል፣ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ይሰበሰባል፣ የግጭቱም ኃይል በዚያ ያልቃል። ከሞተሩ በኩል ለሚመጣው ግፊት ደግሞ አገናኙ ዘንግ እየተሰበሰበ ይተጣጠፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገችው ደንብ መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ መሪው ወደ አሽከርካሪው ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገፋ ያስገድዳል፤ የአውሮፓውም ደንብ የሚጠቀመው ይህንኑ ልክ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ከቁራጩ በላይ፣ በቁራጩና በመኪናው ብረት መካከል ብቻ ይግባ። ሰፊ ሮንዴላ ከሥር አስገብቶ ቁራጩንም ማቀፊያውንም በአንድነት የሚነክስ ሰው ሥራው የጠነከረ ይመስለዋል። ያጠነከረው ግን አምራቹ እንዲላቀቅ የሠራውን ነው። ቁራጮቹን አውጥቶ ማቀፊያውን መበየድ ከዚህም ይብሳል፤ ያ መኪና ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገድ ሲገባ መሪው ደረት ላይ የተደገነ ብረት ነው።

ስለ ክሮቼራው ማዕዘንም ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ክሮቼራ በ20 ዲግሪ ሲሠራ የሚያስተላልፈው ዙር በየግማሽ ዙሩ በ6 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ይዘገያል። በ30 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። አምራቹ ሁለት ክሮቼራ አድርጎ፣ ማዕዘናቸውን አቀራርቦ፣ ሹካዎቻቸውንም (የክሮቼራውን ሁለት ክንዶች) አስተያይቶ የሚገጥመው የአንዱን መዛባት ሌላው እንዲያጠፋው ነው። የ10 ሚሊ ድጋፍ የላይኛውን ማዕዘን በ2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚለውጥ እጅ አይሰማውም። ዘንጉ ተቆርጦ ሲበየድ ግን ሹካዎቹ ጥቂት ዲግሪ ከተዛነፉ መሪው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይከብዳል፣ ሁለት ጊዜ ይቀላል። አሽከርካሪው ጥፋቱን ከጎማ ወይም ከመሪ ዘይት ይፈልጋል፣ አያገኘውም።

ብየዳው ለምን እንደሚሰበርም እንናገር። የመሪ ዘንግ ጥርሶቹ በሙቀት የተጠናከሩ ብረት ነው፤ ብዙዎቹም ውስጣቸው ክፍት፣ ግድግዳቸው ቀጭን ነው። በያጁ አርኩን ሲያነሳ የብየዳው ጠርዝ በፍጥነት ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያ ነው። በቪትዝና በመሰል መኪኖች የኤሌክትሪክ መሪው ሞተር የተቀመጠው ራሱ ቱቦው ላይ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ በታች ያለው አገናኝ ዘንግ የሚሸከመው የእጅን ኃይል ብቻ ሳይሆን የሞተሩንም ጭምር ነው። ከፍተኛው ጫና የሚመጣው በመንገድ ላይ ሳይሆን መኪናው ቆሞ ለማቆሚያ መሪ ሲጠመዘዝ ነው። በዚያ ጊዜ ከዳሽቦርድ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ትንሽ ከዞረ መኪናው በራሱ መነዳት የለበትም፣ ይጎተት። በዚህ ላይ የብየዳው ሙቀት ውስጥ ያሉትን ፕላስቲክ ካስማዎች፣ ቅባቱንና ኩሽኔታውን ያበላሻል፤ ባትሪ ሳይፈታ ከተበየደም የመሪውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ሌላው የሚታይ ዘዴ ዘንጉን ሳይቆርጡ ከክሮቼራው 10 ሚሊ ያህል ሳብ አድርጎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ማጣበቂያው ቡሎን ግን ዘንጉ ላይ በተቆረጠ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲያልፍ ነው የተሠራው። ዘንጉ ከተሳበ ቡሎኑ ጎድጓዳውን ይስታል፣ ዘንጉን የሚይዘው ጭምቀቱ ብቻ ይሆናል፣ አንድ ቀን ይሾልካል። ይህ ምንም ብየዳ ስለሌለበት ጤናማ ይመስላል፣ አደጋው ግን ከብየዳው አያንስም።

መሪው የግድ ወደ ሰውየው መቅረብ ካለበት ሁለት መንገድ አለ። እንደ አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ኤርባግ በሌለው መኪና፣ በመሪውና በዘንጉ ራስ መካከል ለዚያ ሞዴል የተሠራ ማራዘሚያ ማስገባት ይቻላል። ከ25 እስከ 40 ሚሊ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እጅ ከመሪው ሳይለቅ ጣት ፍሬቻውን አይደርስም። ኤርባግ ባለው መኪና ይህ አይሠራም። ለእሱ ያለው ምርጫ የዚያው ሞዴል መሪው ወደ ኋላ የሚሳብበት ዓይነት ካለ ሙሉውን ከነማቀፊያው መቀየር ነው። ያገለገለ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሲፈለግ የዘንጉ ጥርስ ቁጥርና የሶኬቱ ዓይነት ከድሮው ጋር ይመሳከር፤ ቁራጮቹ ከጉድጓዳቸው ሾልከው ከሆነ ወይም ካስማዎቹ ከተሰበሩ ዕቃው ከተጋጨ መኪና የወጣ ስለሆነ አይገዛ። የኤሌክትሪክ መሪ ከሆነም ከተገጠመ በኋላ ዜሮ ነጥቡ በኮምፒውተር ካልተስተካከለ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ላይ ግን ምንም ዓይነት ድጋፍ እንዳይገባ እንመክራለን። ማቀፊያው የአምራቹ ይሁን በእጅ የተሠራ በቅድሚያ መፈተሽ አለበት፤ ብዙ ጊዜም የሚላቀቀው ቁራጭ ጨርሶ የለም።

ሥራው ሲያልቅ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ይነሱና መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ይዙር፤ የትም መክበድ፣ መፋቅ፣ መንቋቋት የለበትም። የፍሬን መብራት፣ ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ የቁልፉ መቆለፊያ ይሞከሩ። በብዙ መኪኖች የፍሬን ፔዳሉና የመሪው ማቀፊያ አንድ ብረት ላይ ስለሚታሰሩ የፔዳሉም ልቅነት ይታይ። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ ተይዞ እጅ ሲላላ መሪው በራሱ ይመለስ እንደሆነ ይታይ። ከሳምንት በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈተሹ።

የቴክኒክ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከመሪው ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን በጥቂት ብሎኖች ይፈታል። በባትሪ መብራት ዘንጉ ላይ ብየዳ አለ ወይ፣ ቁራጮቹ በቦታቸው ናቸው ወይ፣ ማጣበቂያው ቡሎን በጎድጓዳው ያልፋል ወይ ብሎ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህ በዓመታዊው ምርመራ ውስጥ ይካተት። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰውም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሽፋኑ እንዲፈታለት ይጠይቅ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መኪናውን ይተወው።

የመሪና የፍሬን ሥራ ባለሙያዎች
ከዓለም ገና