ቤታችሁን ለምታሳድሱ አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ክረምት ሳይገባ ቤታችሁን ለማሳደስ ባለሙያ የምታፈላልጉ ስለበዛችሁ፣ ካየሁት ተነሥቼ ጥቂት ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ባለሙያውን በዝና ብቻ አትቅጠሩት፤ ቀደም ሲል የሠራቸውን፣ በተለይም ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈባቸውን ቤቶች ሄዳችሁ እዩ፤ ባለቤቶቹንም ጠይቁ። ከጣና ዳርቻ ብዙ በማይርቁ ሰፈሮች እርጥበት ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው ስለሚወጣ፣ ምንጩን ሳይመረምር ቀለም ልቀባ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

እኔ ሽምብጥ ያለውን ቤቴን ሳሳድስ ከዋጋው እኩሌታውን አስቀድሜ በመክፈሌ፣ ሠራተኛው የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሳይጨርስ ቀረ፤ የለጠፈውንም በሳንቲም ሳንኳኳው፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ስላልደረሰው የባዶ ዕቃ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ክፍያውን ሥራው በደረሰበት ልክ ከፋፍላችሁ ስጡ፤ የመጨረሻውንም ቧንቧው ውኃ ተለቅቆበት እስኪፈተሽ ድረስ ያዙ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዕቃ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ የሲሚንቶው ዓይነትና የርክክቡ ቀን ይስፈሩበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ የተፈረመ ወረቀት የሌለው ሰው ግን ይህን መብቱን ማስከበር እጅግ ይከብደዋል። ውል ለመፈራረም የተዘጋጀ አባል ካለ፣ ሁለተኛውን ባለሙያ ያዋዋልኩበትን ውል ቅጂ ከቅዳሜው ስብሰባ በኋላ አሳየዋለሁ።