በቅሎዋን እሺ በይኝ

ሊዮን፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ካንቺ ናፍቆትና እግሬ ላይ ውኃ ከቋጠሩ ሁለት ቁስሎች በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቁስሎቹም ደርቀዋል። ይህን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ስለሆነች፣ «አክስትሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢ ብላለች» በያት።

በስልክ «ዘጠኝ ቀን በእግሬ ተጓዝኩ» ስልሽ «ምነው ልጄ፣ የመኪና ገንዘብ አጣሽ?» ብለሽ ደነገጥሽ። ከዚያ ጥቂት ዝም አልሽና «ስእለት ነው?» አልሽኝ። መስመሩም ተቆረጠ። መልሱን ስላልያዝኩት መቆረጡ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እየጻፍኩ ልፈልገው።

ጉዞውን የጀመርኩት ለ ፒዊ ከምትባል ከተማ ነው፤ ከሊዮን በስተደቡብ ምዕራብ፣ ድሮ እሳተ ገሞራ ይፈነዳበት በነበረ አገር ውስጥ ናት። ገና ከባቡሩ ስወርድ አንቺን አሰብኩ። ከቤቶቹ መሃል ሁለት ድንጋዮች አምባ ሆነው ቆመዋል። በአንደኛው አናት ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ ቆማለች፣ በጣም ትልቅ የብረት ሐውልት ናት። ብረቱ ከየት እንደመጣ ስሚ፦ ፈረንሳዮች በሴባስቶፖል ጦርነት ከሩሲያ የማረኳቸውን 213 መድፎች አቅልጠው ነው በ1860 እ.ኤ.አ. ያቆሟት። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው መቅደላ ድረስ ያስጎተቱትን መድፍ ስም አስታወስሽ? ያው ሴባስቶፖል። እነዚህ መድፍ አቅልጠው ማርያምን ሲሠሩ፣ የእኛው ንጉሥ በዚያው ጦርነት ስም መድፍ አሠሩ። ከሐውልቷ ሥር ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በሁለተኛው ድንጋይ ላይ ያለችው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ድንጋዩ 85 ሜትር ቀጥ ያለ ነው። እኔም አንቺም ሴቶች ነንና ደብረ ዳሞን በወሬ ብቻ ነው የምናውቀው። እዚህ ግን ገመድም ክልከላም የለም፣ 268 ደረጃ ነው። ውስጧ ጨለማ ነው፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎች አሉ፣ ግንበኞቹም የድንጋዩን ቅርጽ ተከትለው ነው የሠሯት። ዕጣን ቢሸት ኖሮ አገሬ ነኝ እል ነበር።

ትልቁ ካቴድራል ውስጥ ደግሞ ጥቁር ማርያም አለች። አዎ፣ ጥቁር። የጥንቷን በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1794፣ አደባባይ አውጥተው አቃጠሏት፤ አሁን ያለችው በእሷ ቦታ የገባች ናት። እንደምታውቂው ለእኛ ሥዕል እንጂ ሐውልት አይለመደንም፣ እና መጀመሪያ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መንገደኞቹን ሁሉ ሰብስበው ባረኩን። ከቅዳሴው በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል መሃል ላይ ያለው የብረት በር ተከፈተና በደረጃ ቁልቁል ወደ ከተማው ወረድን። የአገሩ ሰው «በእምብርት ይገባል፣ በጆሮ ይወጣል» ይላል ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን፤ እኛ ግን በእምብርት ወጣን።

መንገዱ ከዚያ ተነስቶ እስፔን ውስጥ የዘብዴዎስ ልጅ ሐዋርያው ያዕቆብ አርፎበታል እስከሚባለው ሳንቲያጎ ድረስ 1500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የለ ፒዊ ጳጳስ ጎዴስካልክ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሄዶበታል። አሁን ዤ ኤር 65 ይሉታል፣ በቁጥር። ተሳላሚው ቦርሳው ላይ ዛጎል ያንጠለጥላል። እኔ የሄድኩት እስከ ኮንክ ድረስ ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል።

የመንገዱ ምልክት ነጭና ቀይ መስመር ነው፤ ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የሰው አጥር ላይ ይቀባል። መስመሮቹ ጎን ለጎን ከሆኑ መንገድሽ ነው ማለት ነው፤ ከተጣመሩ ተሳስተሻል። ይህን ማን ነገረኝ? ሁለተኛው ቀን ላይ የተጣመረውን አየሁና «መስቀል!» ብዬ ደስ ብሎኝ ገሰገስኩ። የአንቺ ልጅ ሌላ ምን ታድርግ። አርባ ደቂቃ ከሄድኩ በኋላ ነው ከበስተኋላዬ ጭብጨባ የሰማሁት።

ያጨበጨቡት ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው። መንገዱን በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም፤ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ብቻ ይሄዳሉ። ሻንጣቸውን ከማደሪያ ማደሪያ መኪና ያደርስላቸዋል፣ ዳገቱ ሲከብድ አውቶቡስ ይይዛሉ። ሚስትየው የደረሱበትን መንደር ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በአውቶቡስ ያለፉትን በቀይ ትጽፈዋለች እንጂ አትዘለውም። ይህችን ቀይ ብዕር ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሶግ የምትባለው መንደር ስንደርስ ስለ አውሬ ነገሩን። ከ1764 እስከ 1767 ድረስ በዚያ አገር ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ሴቶችን አንድ አውሬ በላ፣ መቶ ያህል ሰው። ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ አዳኝ ላከ። በመጨረሻ የገደለው ግን ዣን ሻስቴል የሚባል የአገሬው ሰው ነው። «ጅብ አለ ወይ?» ብለሽኝ አልነበር? አሁን የለም፣ ከእንጨት የተቀረጸ ብቻ ነው የቀረው።

ኦብራክን ብታዪ! ዛፍ የሌለው ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከብት፣ ነፋስ። ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ለሐይቅ ከተማ ሰዎች ይሄ ቆላ ነው፤ እዚህ ግን በግንቦት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ዋለ፣ ክረምቱንማ በረዶ ነው። ላሞቹ ኩል የተኳሉ ይመስላሉ፣ ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ነው። እኔ ከመድረሴ ከጥቂት ቀናት በፊት በአበባና በደወል አስጊጠው ከቆላው አውጥተዋቸዋል፤ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ እዚያው ይግጣሉ። ድንችን ከለጋ አይብ ጋር እንደ ገንፎ እያማሰሉ እንደ ገመድ የሚሳብ ምግብ ይሠራሉ፣ አሊጎ ይባላል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ግን በዓለ ሃምሳ ነውና አትቆጪኝ።

እዚያ ሜዳ ላይ ጭጋግ ሲወርድ እጅሽን አታዪም። ስለዚህ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳት የመንገደኛ ማረፊያ ሠርተው፣ በሌሊትና በጭጋግ ደወል ይደውሉ ነበር። «የጠፉት ደወል» ይሉታል። ላዩ ላይ በላቲን ከተጻፈው አንዱ «የሚባዝኑትን መልሺ» ይላል። እኔ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ግን ከደወሉ ማማ ሥር ብዙ ቆየሁ።

ኮንክ የገባሁት ቅዳሜ ነው። ገደል ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ መንደር ናት፣ የቅድስት ፎይ ቤተ ክርስቲያን መሃሏ። ከበሩ በላይ የፍርድ ቀን በድንጋይ ተቀርጿል፣ 124 ሰው፣ መልአክና ሰይጣን አለበት። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን ሰይጣኑ በጣቱ ሚዛኑን ወደ ራሱ ሲጫን ታዪዋለሽ። የሐይቅ ገበያ ነጋዴዎችን አስታወሰኝ። በቅርጹ ዳር ዳር ደግሞ አፍንጫቸው ብቻ የሚታይ ትንንሽ ሰዎች እንደ መጋረጃ ይዘው አጮልቀው ያያሉ። ከሁሉም እነሱን ወደድኩ።

የቅድስቲቱ አጽም ያለበት በወርቅና በዕንቁ የተለበጠ ሐውልት አለ። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በርናር የሚባል የአንዤ ከተማ መምህር መጥቶ ሕዝቡ በፊቱ ሲሰግድ አየና «ይህማ ጣዖት ነው» ብሎ ቀለደ። ኋላ አፈረ፣ ተአምሯንም ራሱ ጻፈ።

እማዬ፣ ይህን የነገርኩሽ ለራሴ ነው። በ2008 ለግሸን መኪና ብዬ ገንዘብ ስልክልሽ ለነዳያን ሰጥተሽው፣ ነጠላሽን አደግድገሽ በእግርሽ ሄድሽ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ በስልክ ጮህኩብሽ፣ «ኋላ ቀርነት ነው» አልኩሽ። አንቺ ምንም አልመለስሽም፣ «ጸበል አስቀምጬልሻለሁ» ብቻ አልሽኝ። ቃሉን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር። በስልክ ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው፦ ስእለት አልነበረም። የሄድኩት አንቺ የምታውቂው ነገር ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው፤ ከፊሉን አየሁት፣ በተለይ አምስተኛው ቀን ላይ፣ ማሰብ ሲያቅተኝ።

አሁን ወደ ቀይዋ ብዕር። ወንድሜ ነግሮኛል፣ ለሚመጣው መስከረም 21 ግሸን በመኪና እንውሰድሽ ሲሉሽ «በመኪናማ አይቆጠርም፣ ካልቻልኩ ይቅር» ብለሻል። እንዳይቀር፤ እንደዚያች ሴት በቀይ ይጻፍ እንጂ አይዘለል። እዚህ አገር ጥንት የታመመ ሰው ስእለቱን ሌላ ሰው ሄዶ ያደርስለት ነበር፣ ነውርም አልነበረም። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፣ በጳጉሜን እመጣለሁ። መኪናው እስከሚያደርሰን እንሄዳለን፣ ከዚያ አንቺ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ካጠገብሽ። አዝለሽኝ ወጥተሽበት የለ? በቅሎዋን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ ረጋ ያለች ይፈልጋል። አንቺ እሺ ብቻ በይኝ።

ከለ ፒዊ ሁለት ነገር ይዤልሽ እመጣለሁ። አንዱ ምስር ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደቃቅ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ሌላ ቦታ የበቀለ በዚያ ስም አይሸጥም። አንቺ በላክሽው በርበሬ ድፍን ምስር ሠራሁት፣ ቢፈላ ቢፈላ አይፈርስም። ሁለተኛው ዳንቴል። ቃሉ ራሱ የፈረንሳይ ነው፣ ጥርስ ከሚለው የመጣ። እዚያ ትራስ ላይ በብዙ ትንንሽ እንጨቶች ክር እያወናጨፉ ነው የሚሠሩት፣ በኪሮሽ አይደለም። ለቴሌቪዥኑ የሚሆን ትንሿን ገዛሁ፤ ያንቺ ይበልጣል፣ ግን ታዪውና ትፈርጃለሽ።

ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የጫማ ቁጥርሽን በሚቀጥለው ስልክ ንገሪኝ፣ አበጥ ላለ እግር የሚሆን እፈልግልሻለሁ።

ሁለቱንም ጉልበቶችሽን እስማለሁ፣ የሚያምሽን ቀኙን ደግሜ።

ልጅሽ