ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ሲገባበት

እታለም፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ፣ እማ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሚኒሶታ ብርዱ አልለቀቀም እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩ። ባለፈው በስልክ ጤና ጣቢያችሁ ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ሊገባበት ነው፣ እኔንማ ማባረራቸው ነው ስትይ ድምፅሽ ልክ አልነበረም፣ ኔትወርኩም ተቆራርጦ ሳንጨርስ ቀረን፣ ከዛ ወዲህ ከሀሳቤ አልወጣሽም። ነገሩ ደግሞ የኔው እንጀራ ስለሆነ በደንብ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

እማ ለጎረቤት ልጄ የሆስፒታል ኮምፒውተር ይጠግናል እንደምትል አውቃለሁ፣ እኔ ግን አልጠግንም፣ የበሽተኛ ፋይል የሚያዝበትን ሶፍትዌር ኮድ የሚጽፉትም ሌሎች ናቸው። የኔ ስራ ኮዱን የሚጽፉትን፣ ሶፍትዌሩን የሚገዛውን ሆስፒታልና የሚጠቀሙበትን ነርሶች ማስማማት ነው። ጠዋት ሚቲንግ አለን፣ ግማሾቹ ልጆች ህንድ ስለሆኑ ለኛ ሲነጋ ለነሱ ይመሻል፣ ማን ምን ጨረሰ፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው እያልኩ እጠይቃለሁ፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ስልክና ኢሜይል ነው።

ትልቁ ቀን ሆስፒታሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚዞርበት ነው፣ ጎ ላይቭ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ በሽተኛ በሚቀንስበት በሌሊት ነው የሚደረገው፣ እኛም ደማቅ ሰደርያ ለብሰን በየዋርዱ ከነርሶቹ ጎን እንቆማለን። አንዴ በእድሜ ጠና ካለች ነርስ ጋር ነበርኩ፣ ባለጎማውን ኮምፒውተር እየገፋች አልጋው ጋ መጣች፣ በሽተኛው እጅ ላይ የታሰረውን ባርኮድ ስካን አደረገች፣ መድኃኒቱን ስካን ስታደርግ ግን እስክሪኑ ቀላ፣ ደገመችው፣ እምቢ አለ። መድኃኒቱ ትክክል ነበር፣ ለካ ፋርማሲው እንክብሉን ለሁለት ቆርሶ ሲያሽገው የሚለጥፈው ባርኮድ ሶፍትዌሩ ላይ አልተመዘገበም። "ግማሽ እንክብል እኮ ሁሌም እንሰጣለን፣ የጠየቀን የለም" አለችኝ። እታለም እኔ በዚህ ስራ ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ስራውን በእጁ የሚሰራውን ሰው ሳይጠይቁ የሰሩት ሶፍትዌር ስራ ላይ ሲውል ይቆማል። ስለዚህ ከማንም በፊት መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ ባይጠይቁሽም ዝም እንዳትዪ።

ምን ልበል ካልሽ፣ መጀመሪያ ስም። በመስኮቱ መሀመድ አህመድ ብለሽ ስትጣሪ ስንቱ ነው ብድግ የሚለው? አንቺ ግን የሮቢት ሰፈሩ ነው የሆጤው፣ እናቱ ማን ትባላለች፣ ባለፈው ከማን ጋር ነበር የመጣው ብለሽ ካርዱን ታወጪዋለሽ። ኮምፒውተሩ ካልነገሩት ይሄን ከየት ያመጣዋል? እዚህ እንኳ የኛ ሰዎች ይቸገራሉ፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ እናትና ልጅ የማይዛመዱ ይመስላሉ፣ በስደት ከመጣው ብዙው ደግሞ የተወለደበትን ቀን በትክክል ስለማያውቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል፣ ስለዚህ ስሙም ቀኑም አንድ የሆነ ሁለት ሰው ይገኛል። ፋይላቸው ከተቀላቀለ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውዬ በሌላው ፋይል ምንም የለበትም ተብሎ ሊወጋ ይችላል፣ ነፍስ ነው እኮ። የእናት ስምና ቀበሌ የሚሞላበት ቦታ ይኑረው በይ፣ ስልክ ብቻውን አይበቃም፣ አንዱን ስልክ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት አንቺ ታውቂያለሽ።

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሰራ ከሆነ ጳጉሜን አያውቃትም፣ ወይ ደግሞ አንዱ በኛ አንዱ በፈረንጅ ይሞላና የሰባት የስምንት አመት ልዩነት ይመጣል። የህፃናት ክትባት በ6 ሳምንት፣ በ10፣ በ14፣ ኩፍኙ በ9 ወር እያለ በቀን የሚሄድ ነው፣ ቀኑ ከተዛባ የትኛው ልጅ እንደቀረ በምን ይታወቃል? ስልጠናው ላይ ጳጉሜ 3 የተወለደ ልጅ አስገቡልኝ በያቸው፣ እዛው ይለያል።

መብራት ሲጠፋስ ብለሽም ጠይቂ። እዚህ መብራቱ ባይጠፋም ሲስተሙ የሚቆምበት ጊዜ አለ፣ ለዛ ብለው በየዋርዱ የወረቀት ፎርም ያስቀምጣሉ፣ ሲስተሙ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባውም ቀድሞ የተወሰነ ነው። በደህናው ቀን ግን ወረቀቱንም ኮምፒውተሩንም ሙሉ ካሏችሁ አትቀበሉ፣ ሰው ይሰለችና አንዱ ባዶ ይቀራል። ኮምፒውተር አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስልሽ፣ በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ የስንት ሰው ካርድ ጠፋ፣ ኮፒው ሌላ ከተማ ቢቀመጥ ኖሮ ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ከዜሮ ባልጀመረ ነበር። እኔ በጣም ነው እንዲገባ የምፈልገው፣ ግን በደንብ ይግባ።

ደግሞ ፓስወርድሽን ለማንም፣ ለአለቃሽም ቢሆን እንዳትሰጪ። እዚህ በፈረንጆች 1996 የወጣ ሂፓ የሚባል የበሽተኛን ሚስጥር የሚጠብቅ ህግ አለ፣ ማን የማንን ፋይል መቼ እንደከፈተ ይመዘገባል፣ እኔ ራሴ ያለ ስራዬ አንድ ፋይል ብከፍት እጠየቃለሁ። ደሴ ደግሞ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድን ሰው ጎረቤቱ ገብቶ እንዳያይበት።

ብሩን በእማ አካውንት ልኬያለሁ፣ የግፊት መድኃኒቷን ሳያልቅ ግዙላት፣ አለቀ ብላ እንዳታቋርጥ። ኮምቦልቻ ላለው ወንድማችንም ለትራንስፖርት ስጪው፣ ከመሸ የሐረጎን ዳገት እንዳይወጣ አደራ በይልኝ፣ እዛው ይደር። ስልጠናው መቼ እንደሆነ ስትሰሚ በቴሌግራም ጻፊልኝ፣ የምትሞሉትንም ፎርም ፎቶ አንሺልኝ፣ ባዶውን ብቻ ግን፣ የሰው ስም ያለበትን እንዳትልኪ፣ አይቼው ሌላ የምትጠይቂው ካለ ቁጭ ብለን እናወራለን። አብሽሪ።

ወንድምሽ