ምዝገባው እንዳያልፍሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ አንቺም የመጨረሻውን ዓመት ልትተዪው ነው አለችኝ። ልጁን አልጠላሁትም፣ ጨዋ ነው። ትምህርትሽን ግን አታቋርጪ።

«በኋላ እጨርሰዋለሁ» አልሽ አሉ። እማማንም ልክ እንዲህ ነበር ያሏት። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ለአያትሽ ዳሯት። 15 ዓመቷ ነበር። ሕጉም አልከለከለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የቤቱም አለቃ ባል ነው ይል ነበር። 18 ዓመት የሆነውና የባልና የሚስት ሥልጣን እኩል የሆነው በ1992 የቤተሰብ ሕግ ነው። ለእማማ በጣም ዘግይቶ!

እቴጌ መነን ራሳቸው በልጅነታቸው በቤተሰብ ፈቃድ የተዳሩ ሴት ናቸው። ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ጥቅምት 1923 ዘውድ ጫኑ፤ በዓመቱ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት አስከፈቱ። እሳቸው ያላገኙትን ለሌላው ሰው ልጅ ሰጡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ያን ትምህርት ቤት መርተዋል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሰጠ በኋላም በመጀመሪያው ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። እማማ ስማቸውን ሳትጠራ የምትውልበት ቀን አልነበረም።

እኔ ትንሽ ሳለሁ የቤት ሥራዬን አብራኝ ትሠራ ነበር። ሒሳብ እንዴት ትወድ ነበር መሰለሽ! ዘጠነኛ ክፍል ስገባ መጽሐፌን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ይሄን እኔ አልደረስኩበትም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ደብተሬን ነክታ አታውቅም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አታቋርጪ፣ የኔ ቆንጆ። የሚወድሽ ከሆነ ስድስት ወር ይጠብቅሻል። ሰርጉን ከምረቃሽ በኋላ ሐምሌ ላይ አድርጉት። ቤተሰቦቹን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ አባትሽንም ለኔ ተይልኝ። አንቺ ብቻ አታቋርጪ።

የሴሚስተሩን ክፍያ በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ሰኞ በጠዋት ሄደሽ ተመዝገቢ፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ምሳ ሳትበዪ እንዳትውዪ ደግሞ፣ ከስተሻል አለች አክስትሽ።

እናትሽ