የአራተኛ ዓመት ባዮሎጂ ከሃንድአውት ይውጣ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ከደገፉት መምህራን አንዱ ነኝ፤ ዛሬም ይቅር አልልም። የምጽፍላችሁ ፈተናው የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶችን ወዴት እየጎተታቸው እንደሆነ ለመንገር ነው።

ጄኔቲክስ፣ ኢቮሉሽን፣ ኢኮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ (የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት)። ተማሪው ራሱ መጠየቅና መፈተሽ የሚጀምረው እነዚህ ላይ ነው። እኔ በማውቃቸው ክፍሎች ግን የመጨረሻው ሴሚስተር የሚያልቀው በቲቶሪያልና በዎርክሺት ነው። ላብ (የላብራቶሪ ሥራ) ይታጠፋል፣ ፊልድ (የመስክ ሥራ) ይሰረዛል። ተማሪውም አይፈረድበትም። ከ50 በመቶ በታች ካመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ የሚጠብቀው ደግሞ የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው።

ኢቮሉሽንን እንውሰድ። ስለ አዳዲስ ዝርያዎች አመጣጥ ስናስተምር ጋላፓጎስ ደሴቶች ድረስ እንሄዳለን፤ የዳርዊን ወፎችና መንቁራቸው። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ አይነቀፍም። ግን ጣና ውስጥ 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዘመዳሞች ናቸው፤ አፋቸው፣ ቁመናቸውና ምግባቸው ግን ለየቅል ነው። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። የሚገርመው፣ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም! የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ለይቶታል። ክረምት ላይ የተወሰኑት ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ የአስጋሪው መረብም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቁጥራቸው የተመናመነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አስጋሪዎች ለገበያ ካወጡት ዓሣ ላይ (ለትምህርት ብሎ ሌላ ማጥመድ አያሻም) ተማሪዎች የአፉን ስፋት ይለኩ፣ ሆዱን ከፍተው የበላውን ይመዝግቡ፣ ሁለቱን በግራፍ ያገናኙ። ከዚያ ይከራከሩ። ጅማ ያለው ተማሪ ይህንኑ በጫካ ቡና፣ ወላይታ ያለው በእንሰት አጠውልግ በሽታ ይሥራው።

ፓራሲቶሎጂም እንደዚሁ ነው። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ትራባለች። እኔ የማውቀው ሃንድአውት ግን አሁንም ረግረግና የገጠር ኩሬ ላይ ነው ያለው። ነገ ጤና ቢሮ የሚቀጠረው ልጅ በርሜሉን ከፍቶ ማየት እንዳለበት ማን ይንገረው?

ስለ ላብ ብዙ አልልም። በጀቱን ታውቁታላችሁ። ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) በጨረታ ተገዝቶ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ሲደርስ አይቻለሁ፤ መቼም ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ግን ዲኤንኤ ከሽንኩርት በጨው፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በቀዝቃዛ አልኮል ይወጣል። ይህን እንኳን በዓይኑ ሳያይ የሚመረቅ ተማሪ አለ።

አሁን ወደ ፈተናው ልመለስ፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ነውና። መምህሩ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። የምርጫ ጥያቄ ደግሞ የግድ ሽምደዳ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ናቸው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው እንዶዱ ነው ወይስ ከልብሱ የወጣው እድፍ? ይህን የሚለየው ሙከራ የትኛው ነው? አራት ምርጫ ስጡ። አንዱ ላይ ሁለት ባልዲ ይኑር፤ ሁለቱም ውስጥ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች፣ እንዶድ ግን በአንዱ ብቻ። መልሱን ለማግኘት ማሰብ እንጂ ሃንድአውት መሸምደድ አይበቃም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ዙር የባዮሎጂ ጥያቄ አዘጋጆችን ስትጠሩ፣ ከጥያቄዎቹ ቢያንስ ሲሶው ሠንጠረዥ፣ ግራፍ ወይም ሙከራ አንብቦ የሚመለስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ካሪኩለሙ ላይ የላብና የፊልድ ሰዓት ተጽፏል፤ መሠራቱን ግን የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ተማሪዎቹ የሠሩትን የላብና የፊልድ ሪፖርት በየሴሚስተሩ መጨረሻ እንዲያስገባ አድርጉ። ያላስገባ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር