ከውጤቱ በፊት ልጆቹን ጠይቋቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ገጻችሁ በቁጥር ይሞላል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ማን ይረሳል? የቀሩት ግን ምን ዓይነት ልጆች ነበሩ?

የእኔ ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ጠዋት ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበው እሷ ነበረች። ማይኩ ሲያፏጭ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ትቀጥላለች። የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሆን ነው ሐሳቧ፤ ዘመድ ግን "ዶክተር ትሆናለች" ብሎ ጨርሶታል። አንድ የክፍሏ ልጅ ደግሞ ዝምተኛ ነው። የተበላሸ ሞባይል ሲሰጡት ግን ወሬው አያልቅም።

ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ትምህርት ቤቱ "ለፈተና ተዘጋጁ" ብሎ የ12ኛ ክፍሎችን ከክበብ አስወጣቸው። ድራማው፣ ቀይ መስቀሉ፣ ሚኒ ሚዲያውም ቀረ። በሳምንት አንድ ሰዓት ፈተና ይጥላል? እኔስ አይመስለኝም።

እናንተም ሰቃይ ብቻ አትፈልጉ። በየሳምንቱ ለአንድ ተፈታኝ ሩብ ገጽ ስጡልን፤ ምን እንደሚወድ፣ ምን መሆን እንደሚያስብ ይንገረን። ውጤት ሳይወጣ ቢሆን ይሻላል፤ ከወጣ በኋላማ ብዙዎቹ ስልክም አያነሱላችሁ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ