ሦስቱ ነጥቦች አይደመሩ

ክቡር አዘጋጅ፦

የልብ ድካም ሕሙማን ራሳቸውን ምን ያህል እንደሚንከባከቡ ስለመለካት የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ፤ አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ባርባራ ሪግልና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት መጠይቅ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄን፣ ምልክትን ማስተዋልንና ለምልክቱ የሚሰጠውን ምላሽ ለየብቻ ከ0 እስከ 100 ይለካል፤ 70 እና ከዚያ በላይ በቂ ይባላል። ሦስቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ስሕተት ነው። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ የሚወስድ ሰው፣ በ3 ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ጨምሮ (ይህ በሰውነቱ ፈሳሽ መጠራቀሙን ሊያመለክት ይችላል) ለሐኪሙ ካልነገረ አደጋ ላይ ነው፤ ድምሩ ግን ይህን ይሸፍነዋል። ደግሞስ ሚዛን የሌለውን ሰው «በየቀኑ ይመዘናሉ?» ብሎ ጠይቆ ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ፍትሕ ነው? ነጥቡ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ ዝቅ ባለው ክፍል ላይ ከሕመምተኛው ጋር ቁጭ ተብሎ ይመከርበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የልብ ሕክምና ነርስ